ሙት አወዳሽ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መውቀሱ አይቀርም። አባባሉ ይቅርታ መጠየቂያም ፈቃድ መውሰጃም ነው፤ ሰሚው «ግድ የለም፣ ቀጥል» እንዲል መንገድ ያበጃል። ለማወደስ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ሟችን መውቀስ የሚያሳፍረን ለራሱ ሊከራከር ስለማይችል ነው እንላለን። እውነት ነው፣ አይችልም። ሲወደስም ግን ያው ነው። «ይኼን እኔ አልሠራሁትም» ሊል አይችልም፤ «የሠራሁትን ትታችሁ ያልሠራሁትን ነው የምታወሩት» ብሎ ሊቆጣም አይችልም። ለቅሶ ቤት የመጣ ሁሉ ያሻውን ሲያሸክመው ዝም ብሎ ይሸከማል። እንግዲህ ወቀሳውን ነውር ያደረገው ምክንያት ውዳሴውን ነውር ካላደረገው፣ አፋችንን የያዘን ለሟቹ ማዘናችን ሳይሆን ሌላ ነገር መሆን አለበት። ምናልባት ወቀሳ ከሟቹ አልፎ ቋሚውን ስለሚነካ ይሆን? ውዳሴስ የሚጠቅመው ማንን ነው? ከተማ የሞተ ከንቲባውን ሲያከብር በትክክል የሚከበረው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ የማነሣው ስለ አንድ የጠረፍ ከተማ ከንቲባ ሳስብ ነው። ሬይመንድ ቴሌስ እ.ኤ.አ. በ1915 ቴክሳስ ውስጥ በኤል ፓሶ ከተማ ተወለዱ፤ በ2013 በ97 ዓመታቸው ዐረፉ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ኤል ፓሶ የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ከተማ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ሲውዳድ ሁዋሬዝ አለች፤ ማዶው ሜክሲኮ ነው። ቴሌስ የሜክሲኮ ዝርያ ካላቸው ወላጆች ተወልደው፣ በጦር ኃይል አገልግለው፣ የአውራጃው ጸሐፊ ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1957 ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በ1959 ደገሙ። በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኮስታ ሪካ የአሜሪካ አምባሳደር አድርገው ሾሟቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚከተለው ግን አምባሳደርነቱ አይደለም፤ «በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ የመጀመሪያው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ከንቲባ» የሚለው ነው። የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ «የመጀመሪያው» ላይ ይመስለኛል።

«የመጀመሪያው» ምን ዓይነት ሙገሳ ነው? ብልህ፣ ታታሪ፣ ታጋሽ ስንል በሰውየው ውስጥ ያለ ነገር እንናገራለን፤ ወዴትም ብንወስደው አብሮት ይሄዳል። የመጀመሪያ መሆን ግን በሰውየው ውስጥ የለም። ያለው ከእሱ በፊት ባለፉት ዓመታት ውስጥ ነው። ኤል ፓሶ በከተማነት የተቋቋመችው በ1873 ነው፤ እስከ 1957 ድረስ 84 ዓመት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የባቡር ሐዲዱን ያነጠፈው፣ የማዕድን ማቅለጫውን እሳት የጠበቀው፣ የሰው ቤት ያጠበውና ያበሰለው የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ሕዝብ ነበር፤ በቴሌስ ዘመን ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ እሱው ነው። እንግዲህ ቴሌስን የመጀመሪያው ስንል ስለ እሳቸው የነገርነው በጣም ጥቂት ሲሆን ስለ 84ቱ ዓመታት የነገርነው ግን ብዙ ነው። እንዲያውም የክብሩ መጠን የሚሰፈረው በነውሩ ርዝመት ነው። በሩ የተዘጋው ለአሥር ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክብሩ ትንሽ፣ ሁለት መቶ ዓመት ተዘግቶ ቢሆን ደግሞ ታላቅ ይሆን ነበር፤ ሰውየው ግን በሁለቱም ያው ሰው ናቸው። በዚህ ሒሳብ ለቴሌስ ክብር ከማንም በላይ ያዋጣው በሩን የዘጋው ሰው ነው ማለት ነው። ይህ ከንቱ ድምዳሜ ነው፤ ግን ከየት በኩል እንደሚፈርስ ወዲያው አይታይም።

ደግሞስ ማን ነው የመጀመሪያው? ሳን አንቶንዮ በ1841 ሁዋን ሴጊንን ከንቲባ አድርጋ ነበር። ሴጊን ቴክሳስ ከሜክሲኮ ስትገነጠል ከቴክሳስ ጎን ተሰልፎ የተዋጋ ሰው ነው፤ ከንቲባ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ከሃዲ ተብሎ ወደዚያው ወደ ተዋጋው አገር ተሰደደ። ሎስ አንጀለስም እስከ 1872 ድረስ ክሪስቶባል አጊላር የሚባል ከንቲባ ነበራት። በእርግጥ ሁለቱም ከተሞች ያኔ ትንንሽ ነበሩ፤ «ትልቅ ከተማ» የምትለዋ ማጠሪያ የገባችውም ለዚሁ ነው። ግን ነገሩ ልብ ሊባል ይገባል። አንድን ሰው የመጀመሪያ ለማድረግ ከእሱ በፊት የነበሩትን በአንድ ማጠሪያ ማስቀረት ያስፈልጋል። ሴጊንን ያሳደደው ሕዝብ የልጅ ልጆች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ቴሌስን የመጀመሪያው ሲሉ መርሳታቸውንም አብረው ማክበራቸው ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው» የሚለው ማዕረግ ሁለት ዕዳ ተሸክሟል፤ አንዱ የከለከሉት፣ ሌላው የረሱት።

በሩን ማን ዘጋው ካልን ደግሞ ስም መጥራት ሊመጣ ነው። ቴሌስ በተወለዱበት በ1915 የኤል ፓሶን ከንቲባነት የያዙት ቶም ሊ የሚባሉ የሕግ ሰው ነበሩ። ከሜክሲኮ አብዮት የሚሸሸው ሕዝብ ተስቦ ይዞብን ይመጣል ብለው ዋሽንግተንን በቴሌግራም ወተወቱ። በ1916 በከተማው እስር ቤት እስረኞችን ከቅማል ለማጽዳት ቤንዚን በገባበት መድኃኒት ሲያጥቧቸው እሳት ተነሥቶ ከሃያ በላይ ሰዎች ተቃጥለው ሞቱ። በዓመቱ፣ በ1917 ጥር ወር፣ እጥበቱ ሁለቱን ከተሞች ወደሚያገናኘው ድልድይ ኬላ መጣ። በየጠዋቱ ከሁዋሬዝ በትራም የሚሻገሩት ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ከትራሙ ወርደው፣ ልብሳቸውን አውልቀው ለእንፋሎት ይሰጣሉ፤ ራሳቸው ይፈተሻል፤ ቅማል የተገኘበት ወንድ ፀጉሩን ይላጫል፣ ሴት ከሆነች ላምባና አቼቶ ይደረግባታል። ታጥበው ሲወጡ መጽዳታቸውን የሚመሰክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ወረቀቱ የሚያገለግለው ለሳምንት ያህል ስለሆነ በሳምንቱ እንደ ገና ይታጠባሉ። አንድ ቀን ጠዋት ካርሜሊታ ቶሬስ የምትባል የ17 ዓመት ሠራተኛ ከትራሙ አልወርድም አለች። እርቃናቸውን ያሉ ሴቶች በድብቅ ፎቶ ይነሣሉ የሚል ወሬ ነበር፤ የእስር ቤቱም ቃጠሎ ገና ዓመት አልሞላውም። አብረዋት የተሳፈሩትን አሳመነች። ቀኑ ሳይጋመስ ድልድዩ በሴቶች ተሞላ፣ አንዳንዶቹ ትራም እንዳያልፍ ሐዲዱ ላይ ተኙ። ልጅቷ ታሰረች፤ እጥበቱ ቀጠለ፤ በዚያው ዓመት ብቻ በኬላው የታጠበው ሰው ከመቶ ሺህ በላይ ነበር። ሬይመንድ ቴሌስ ያን ጠዋት በዚያው ከተማ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበሩ።

እንግዲህ ሁለቱም ከንቲባዎች ሞተዋል። አንዱን ሳይወቅሱ ሌላውን ማወደስ ይቻላል? ሁለቱንም ባንድ አፍ ማክበር የሚፈልግ ሰው የሚጠጋባት አንዲት ቃል አለች፤ «ዘመኑ ነው» ይላል። ቶም ሊ የዘመናቸው ሰው ነበሩ፣ ተስቦም ሰው የሚገድል በሽታ ነበር፣ በዛሬ ሚዛን አንመዝናቸው። ክርክሩ ደካማ አይደለም፤ ፍርድ ከመስጠት በፊት ሊሰማ የሚገባው ነው። ግን ከተቀበልነው እስከ ዳር መሄድ አለብን። ዘመን የሊን ጥፋት የሚሸከም ከሆነ የቴሌስንም ልማት ይውሰድ፤ በ1957 የተቀየረውም ዘመኑ ነዋ። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ብዙ ሺህ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች «ለዚህ አገር ከተዋጋሁ ለምን አልመራም?» ማለት ጀምረው ነበር፤ ቴሌስ የዚያ ዘመን ልጅ ናቸው። ወቀሳውን ለዘመን፣ ሙገሳውን ለሰው የምናከፋፍል ከሆነ ግን ሚዛኑን ራሳችን አጋድለነዋል። ደግሞም የሊ ዘመን የሊ ብቻ አልነበረም። ካርሜሊታ ቶሬስም የኖረችው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ድልድይ ላይ ነው። ነገሩ ነውር መሆኑን ለማወቅ ዘመን እስኪቀየር አልጠበቀችም፤ ቢሮ፣ ቴሌግራምና ሐኪም አማካሪ ያላቸው ከንቲባ ያላዩትን የቤት ሠራተኛዋ አይታዋለች። ስለዚህ «ዘመኑ ነው» የሚለው ሰው ማንን ከዘመኑ እንደሚያወጣ ሳያውቅ እሷን አውጥቷታል። ከዚህ በመነሣት እንዲህ ለማለት እገደዳለሁ፤ ልንከለክለው የማንችለው ውዳሴ ውዳሴ አይደለም። ለሞተ ሁሉ የሚሰጥ ከሆነ ከቀብር ሥርዓቱ አንዱ ክፍል እንጂ የሥራ ምስክርነት አይሆንም። ሙት ወቃሽ መሆን የማይደፍር ሰው ሙት አወዳሽ የመሆን መብት የለውም።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ቴሌስ ስመለስ ሌላ ጥርጣሬ ይጠብቀኛል። የ1957ቱን ድል የሠራው ማን ነው? ያን ጊዜ በቴክሳስ ድምፅ ለመስጠት ግብር ይከፈል ነበር፤ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም። መጠኑ ሲያዩት ኢምንት ነው። ግን የሚከፈለው ምርጫው ከመድረሱ አስቀድሞ ነው፤ እስከ ጥር መጨረሻ ያልከፈለ የዓመቱ ምርጫ ያመልጠዋል። በሰው ቤት ተቀጥራ በምታገኘው ደመወዝ ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ ገና ተወዳዳሪዎቹ እንኳ በቅጡ ሳይታወቁ፣ ለዚያ ወረቀት ገንዘብ ቆጥራ ታወጣለች። የቴሌስ ደጋፊዎች ሥራ ከንግግር ይልቅ ይኸው ነበር፤ ደሃውን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ ግብሩን እንዲከፍል ማድረግ። የምርጫ ሙስና የምንለው አንድ ሀብታም ድምፅ ሲገዛ ነው። እዚህ ግን መራጩ ራሱ ድምፁን ከመንግሥት ይገዛ ነበር፤ ሻጩም ሕግ ነበር። ታዲያ የከንቲባውን መመረጥ ስናስብ አንድ ሰው በአንድ መድረክ ላይ እጁን ሲያወጣ ነው የሚታየን፤ ከመድረኩ በታች ያለው በየኪሱና በየመሶቡ ሥር የተቀመጠ የክፍያ ደረሰኝ አይታየንም። የግል ክብር የጋራን ሥራ ይውጣል። ይህ የቴሌስ ጥፋት አይደለም፤ የማክበር ሥርዓት ራሱ አንድ ስም ብቻ ስለሚችል ነው። ሐውልት ላይ ደረሰኝ አይቀረጽም።

ታሪካቸውን በመጽሐፍ ያዘጋጀው የታሪክ ምሁር ማርዮ ጋርሲያ የ1957ቱን ምርጫ የክብር ፖለቲካ ይለዋል። ሕዝቡ በመጀመሪያ የፈለገው አዲስ ሥርዓት ሳይሆን እንደ እኩል ዜጋ መቆጠርን ነበር ማለቱ ነው። ቴሌስም ለዚህ የተሠሩ ሰው ነበሩ። የመኮንንነት አቋም፣ የተጠነቀቀ አነጋገር፣ የማያስደነግጥ አካሄድ ነበራቸው። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ወጣት ትውልድ እንዲህ ያሉ መሪዎችን ለዘብተኛ እያለ ነቅፏቸዋል። ሊነቅፍም ይችላል፤ እኔ ግን ለዘብተኝነቱን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያ የሆነ ሰው ሁለት ምርጫ ነው ያለው። እንደ ሌሎቹ ከንቲባዎች አንዳንዴ ቢሳሳት ስሕተቱ የእሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ «ድሮም እነዚህ ሰዎች…» የሚል ወሬ ይሆናል። ባይሳሳት ደግሞ «እሱማ የተለየ ነው» ይባልና ሕዝቡ ባለበት ይቀራል። ከሁለቱ ወጥመድ መውጫ ከተፈለገ፣ ነዋሪው ስለ ዝርያቸው ማሰቡን እስኪተው ድረስ ስለ ቆሻሻ ማንሻ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ በጀት ብቻ የሚያስብ ከንቲባ መሆን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለራሱ የሚመኘው መረሳትን ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ሰው ልናስታውሰው እንሰበሰባለን።

የጠረፍ ከተማ ከንቲባነት ደግሞ ከሌላው ከንቲባነት በአንድ ነገር ይለያል። ከተማዋን የሚያኖራትም የሚያስጨንቃትም ነገር በከንቲባው እጅ የለም። ድልድዩ የእሱ አይደለም፤ ጉምሩኩም ኬላውም ቪዛውም የእሱ አይደሉም። ወንዙ እንኳ የእሱ አይደለም። ቶም ሊ ኬላውን ለማዘዝ ዋሽንግተንን መለመን ነበረባቸው፤ ቴሌስም ቢሆኑ የሚፈቱት ነገር ከዚያው ከተቆረጠ በኋላ የተረፈውን ነበር። እሳቸው በሥልጣን ላይ ባሉባቸው ዓመታት፣ ከኤል ፓሶ ብዙም በማይርቀው በሶኮሮ፣ ሁለቱ መንግሥታት በተዋዋሉት መሠረት ለእርሻ ሥራ የሚመጡ ሜክሲኳውያን የሚቀበል ጣቢያ ነበር፤ ሪዮ ቪስታ ይባላል። እዚያ የሚደርሰው ሠራተኛ ይመረመራል፣ ዲዲቲ ይረጭበታል፣ ከዚያ ወደ እርሻው ይላካል። ላምባው በዱቄት ተተክቷል እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው፣ አሁን የከተማዋ ከንቲባ ስም ከሚረጭበት ሰው ስም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጣቢያው በከተማው አስተዳደር ሥር አልነበረም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የቴሌስ ነው አይባልም። ግን የክብሩን ጉዳይ ያወሳስበዋል። የአንድ ሕዝብ ልጅ በወንበር መቀመጡ የዚያን ሕዝብ ክብር ያስመልሳል ካልን፣ ከወንበሩ ብዙም ሳይርቅ ልብሱን አውልቆ የተሰለፈው ሰው ከዚያ ክብር ምን ደረሰው? ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ ዜግነት ያለው የሜክሲኮ ዝርያና ዜግነት የሌለው ሜክሲኳዊ ሁለት ሕዝብ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የታወቀው። የክብር ፖለቲካ የራሱ ኬላ ነበረው።

ከዚያም ወንዙ አለ። ሪዮ ግራንዴ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጎርፍ እየገፋው ወደ ደቡብ ሸሸ፤ ቻሚዛል የሚባል የሜክሲኮ መሬትም ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተረፈ። በ1911 ዳኞች ለሜክሲኮ አብዛኛውን ሲፈርዱ አሜሪካ አልቀበልም አለች። ጉዳዩ የተቋጨው በ1963 ውል ነው። ወንዙ በሲሚንቶ ቦይ ታሰረ፤ 5,600 ያህል የኤል ፓሶ ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው፣ ቤታቸው ወደ ማዶ ስለሄደ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። ቴሌስ ያኔ በኮስታ ሪካ፣ በሳን ሆሴ አገራቸውን ወክለው ተቀምጠዋል። ስለ ድንበር የሚወስነው ሁልጊዜ ከድንበሩ ርቆ የተቀመጠ ሰው ነው፤ እሳቸውም ያንን ርቀት አግኝተዋል። ሹመቱ ዕድገት ነበር፣ ማንም ያንን አይክድም። ግን ሰውን ከጠረፍ ማንሣት ሰውየውን ማክበሪያ ሲሆን ጠረፉን ማክበሪያ አይሆንም፤ ከተማዋ ከንቲባዋን የሰጠችው ለዋሽንግተን ነው፣ በምላሹ የተቀበለችው የኩራት ወሬ ነው።

ታዲያ ቴሌስ የሚከበሩት በምን ነው? ከ1957 ይልቅ 1959 ላይ ብቆም እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ምርጫ የከተማዋ ልብ ለሁለት ተከፍሎ፣ የዝርያ ፍርሃትና የዝርያ ተስፋ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። በሁለተኛው የተፎካከራቸው ሰው አልተገኘም። ሁለት ዓመት ሙሉ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሥራ በር ለሜክሲኮ ዝርያ ተከፍቶ፣ በጀት ተዘግቶ፣ መንገድ ተሠርቶ፣ ያስፈራ የነበረው ነገር ሳይመጣ ቀረ። ድል ያልሆነ ድል ማለት ይኼ ነው። ስለ እሱ ግን ማንም ንግግር አያደርግም፤ ተቃዋሚ የሌለበት ምርጫ ለትረካ አይመችም። ጥርጣሬዬ እዚህም አይተወኝም፤ ተፎካካሪ መጥፋቱ መቀበል ነው ወይስ መታከት? ሰው ከጎረቤቱ ጋር መጣላቱን ሲተው ታርቆ ነው ወይስ ሌላ ቀን ጠብቆ?

ይህን ለመለየት ከሟቹ ሕይወት ወጥቶ ከሥልጣን ከለቀቁ በኋላ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሰው ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ የሚያስረዳው ሁለተኛው ነው። ቴሌስ በ1961 ወደ ኮስታ ሪካ ሲሄዱ ወንበሩ ወደ ለመደው እጅ ተመለሰ፤ ሬይ ሳላዛር እስኪመረጥ ድረስ፣ እስከ 1977፣ ስድስት ከንቲባ ተፈራረቀበት። የቴሌስን መታሰቢያ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን አሥራ ስድስት ዓመት የት እንደሚያስገባው ቢጨንቀው አይገርመኝም። የቴሌስ ድካም ነው ቢል ለሙት ወቃሽነት ይቀርባል፤ የከተማዋ ነው ቢል ደግሞ መታሰቢያውን እንዲያዘጋጅ የጠራችው ከተማዋ ናት።